የሚካኤል ፋራዴይ ሕይወትና የሕፃናት ትምህርት

በአዲስ አበባ፥ በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የአገር ልጆችን ሙያ ሲያስተምር ኖሯል። ከሙያዎቹም አንዱ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። ይህን ዕውቀት ለሕፃናት በማስተማር ስሙ የታወቀው የእንግሊዙ ሊቅ ሚካኤል ፋራዴይ ነበረና ሕይወቱን በአጭሩ እንናገራለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ፋራዴይ በ1791 ከድኻ አንጥረኛ ተወለደ። ትምህርቱም ከንባብ፥ ከጽሕፈትና ከጥቂት ሒሳብ አላለፈም። በ14 ዓመቱ መጽሐፍ ከሚጠርዝ ሰው ዘንድ ገብቶ ሲሠራ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት ያነብ ነበርና፥ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈውን ባገኘ ጊዜ ልቡ በዚያ ተያዘ። በ1812 መዳብና ዚንክ እያነባበረ፥ በመካከላቸውም በጨው ውሃ የራሰ ወረቀት እያገባ፥ የኤሌክትሪክ ምንጭ በገዛ እጁ ሠራ። በማግሥቱ ዓመት በሎንዶን ንጉሣዊ የሳይንስ ተቋም የሊቁ የዴቪ ረዳት ሆነ። በ1831ም ማግኔት በተጠቀለለ ሽቦ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንደሚያስገኝ ገለጠ። ዛሬ በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የዓባይ ውሃ ኃይል መብራት የሚሆነው በዚሁ ሕግ ነው።

ታላቅነቱ ግን ከሕፃናት አላራቀውም። ከ1827 እስከ 1860 ባለው ዘመን በልደት በዓል ሰሞን 19 ጊዜ ለልጆች አስተማረ፤ ነገሩንም በቃል ብቻ ሳይሆን በፊታቸው እየሠራ አሳያቸው። በሃይማኖቱ የጸና፥ በማኅበረ ምእመናኑም በሽምግልና ያገለገለ ሰው ነበረ። የመኳንንት ማዕርግ ቢቀርብለት አልቀበልም ብሎ በ1867 ዐረፈ።

የኔታ ሕፃኑን ፊደል ሲያስቈጥሩ እያንዳንዱን ፊደል በስንጥር እንዲያመለክት ያደርጉታል፤ ዓይኑና እጁ ያልደረሱበትን አፉ ብቻ ቢጠራው ዕውቀት እንዳይሆን ያውቃሉና። የኤሌክትሪክም ትምህርት እንዲሁ ነው። አንድ የባትሪ ድንጋይ፥ ሁለት ሽቦና አንዲት ትንሽ አምፑል ይበቃሉ። ኤሌክትሪኩ ከባትሪው አንድ ጫፍ ወጥቶ፥ በአምፑሏ አልፎ፥ ወደ ሌላው ጫፍ ሲመለስ ትበራለች፤ መንገዱ በአንድ ስፍራ ቢቋረጥ ትጠፋለች። ሕፃኑ ይህን በገዛ እጁ ቢገጥምና ቢፈታ ምክንያትን መመርመር ይለምዳል። የቤቱ መብራት ኃይል ግን ሰው የሚገድል ስለ ሆነ እንዳይነካው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ስለዚህ ሹማምንት ይህን ጥቂት ዕቃ ለየትምህርት ቤቱ ቢያስቡ፥ መምህራነ ቤተ ክርስቲያንም ወላጆችን ቢመክሩ፥ ከድኻ ቤት የሚወጣ ሊቅ ለአገራችንም አይታጣም።