የአንጎልን ደም በሚዛን ለመለካት የሞከሩት ሐኪም

በማሃኔ የሁዳ ያሉ አባቶችና እናቶች ለጭንቅላት ምርመራ ቶር ሲደርሳቸው ደብዳቤውን ለእኛ ለልጆቹ ያስነብቡናል። ኤም.አር.አይ የሚለውን አሁን ሁሉም ያውቀዋል። ሐኪሞቹ በዕብራይስጥ ኤም.አር.አይ ቲፍኩዲ የሚሉት ግን ለየት ይላል። የአንጎልን መልክ ብቻ ሳይሆን፣ ሰውየው ሲናገር፣ ሲሰማ ወይም ጣቱን ሲያንቀሳቅስ የትኛው ክፍል እንደሚሠራ ያሳያል። ታዲያ ይሄ ማሽን የልቤን ሐሳብ ያነብብኛል ወይ ብለው የሚጨነቁ አሉ። መልሱ የሚጀምረው ከአንድ ጣሊያናዊ ሐኪም ነው። ጣሊያን ሲባል እናንተ ትዝ የሚላችሁ ሌላ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፤ የእኚህ ሰው መሣሪያ ግን ሚዛን ነበር።

አንጀሎ ሞሶ በ1846 በቶሪኖ ከተማ ከድሃ የእጅ ባለሙያ ቤተሰብ ተወለዱ፤ ያደጉት በአቅራቢያው ባለችው ኪዬሪ ነው። በእጅ ሥራ ማደር ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ሞሶ በ1870 ሐኪም ሆኑ፤ ጀርመን አገር ላይፕዚግ ሄደው የሰውነትን ሥራ በመሣሪያ መለካት ተማሩ፤ ኋላም በቶሪኖ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ።

ስማቸውን ያስጠራው በርቲኖ ከሚባል ገበሬ ጋር የሠሩት ሥራ ነው። በ1877 ከላይ ጡብ ወድቆበት የበርቲኖ የራስ ቅል ተሰበረ። ነፍሱ ተረፈች፤ ራሱ ላይ ግን ቀዳዳ ቀረ፤ በዚያ በኩል አንጎሉ ከልቡ ጋር እየመታ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ሞሶ አንድ መለኪያ በቀዳዳው ላይ፣ ሌላ ደግሞ በክንዱ ላይ ገጠሙ። ሁለቱም ምቱን በወረቀት ላይ በመስመር ይስላሉ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ። ለበርቲኖ የጸሎት ሰዓቱ ነው። ወዲያው የአንጎሉ መስመር ከፍ አለ፤ የክንዱ ግን እንደነበረ ቆየ። ሞሶ ጸሎትህን ማድረስ አልነበረብህም ወይ ብለው ሲጠይቁት የአንጎሉ መስመር እንደገና ዘለለ። ስምንትን በዐሥራ ሁለት አባዛ ሲሉትም እንዲሁ ሆነ።

ክንዱ ካልተለወጠ ነገሩ የልብ መምታት ብቻ አይደለም ማለት ነው። አንጎል ሲሠራ ለራሱ ተጨማሪ ደም ይጠራል። መስመሩ ግን ሰውየው ምን እንዳሰበ አይናገርም፤ ጸሎትም ይሁን ቁጥር፣ የሚታየው የደም ለውጥ ነው።

የራስ ቅሉ ያልተሰበረ ሰውስ እንዴት ይመርመር? ሞሶ በ1880ዎቹ የእንጨት አልጋ መሐሉ ላይ እንደ ሚዛን አቁመው ሰው አስተኙበት። ሰውየው ጸጥ ብሎ ተኝቶ ሚዛኑ ሲረጋ፣ የሚያስብበት ወይም የሚያስደነግጠው ነገር ያቀርቡለታል፤ ሚዛኑም ወደ ራሱ በኩል ያዘነብላል። እንደኔ እንደኔ ሐሳቡ ከመሣሪያው ይበልጣል። መተንፈስ እንኳ ሚዛኑን ያንቀሳቅሰዋል፤ ከአንጎል የትኛው ክፍል እንደሠራም ሊለይ አይችልም።

ሞሶ ስለ ፍርሃትና ስለ ድካም መጻሕፍት ጻፉ። ከ4,500 ሜትር በላይ ባለው የሞንቴ ሮዛ ተራራ ላይም ወጥተው የከፍታን አየር አጠኑ፤ ስሜንን ለምታውቁ የራስ ደጀን ያህል ነው። በ1904 ሴናተር ሆኑ። በመጨረሻ ሕመም ሲጠናባቸው ወደ ጥንታዊ ቅርስ ቁፋሮ ዞሩ፤ በ1910 አረፉ።

እሳቸው ከሞቱ ከ80 ዓመት በኋላ፣ በ1990፣ አሜሪካ ይሠሩ የነበሩት ጃፓናዊው ሴጂ ኦጋዋ ኦክስጅን የያዘ ደምና ያልያዘ ደም በማግኔት ውስጥ እንደሚለያዩ ተጠቅመው የአንጎልን ሥራ ማሳየት እንደሚቻል አስረዱ። በ1992 የሰው አንጎል በዚሁ መንገድ ታየ። ለዚህ መርፌም ሆነ ጨረር አያስፈልግም። ዛሬ ሐኪሞች በዋናነት የሚጠቀሙበት ከቀዶ ሕክምና በፊት ነው። እጢ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲቀደድ የንግግሩና የእጁ ቦታ እንዳይነካ አስቀድሞ ይፈለጋል። ሐሳብ አያነብም።

እዚህ ላይ ነው የበርቲኖ ነገር እኛን የሚነካው። አንጎሉ የዘለለው ለሚያውቀው ደወልና ለሚገባው ጥያቄ ነው። ማሽኑ ውስጥ የንግግር ቦታ ሲፈለግ፣ ቃል አስብ ወይም ታሪክ ስማ ይባላል። ጥያቄው በማይገባ ዕብራይስጥ ከመጣ፣ ምስሉ የእናንተን ንግግር በትክክል ላያሳይ ይችላል፤ ለቀዶ ሐኪሙ ደግሞ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ፈተናው በአማርኛ ወይም በትግርኛ እንዲሆን ጠይቁ። ሁለት ቋንቋ የምትናገሩም ሁለቱንም ንገሯቸው። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ ሆስፒታሎችና ኩፓት ሆሊሞች ሕመምተኛውን በሚገባው ቋንቋ እንዲያገለግሉ ይጠበቃል። አስተርጓሚ የሚጠየቀው ቶሩ ሲያዝ ነው እንጂ ማሽኑ ውስጥ ከተገባ በኋላ አይደለም። ልቡ ላይ ባትሪ የተገጠመለት፣ ወይም ሰውነቱ ውስጥ ብረት ያለበት ሰውም ያን ጊዜውኑ ይናገር።