ከእንጦጦ ዳገት እስከ ተሽከርካሪ ወንበር፦ ሻምበል አበበ ቢቂላ ለእኛ ሙያ

ዘንድሮ በዚህ መጽሐፍ ሕይወቱን የምናስታውሰው ሰው ሐኪምም መምህርም አልነበረም። ሯጭና ወታደር ነበር። ስለ አከርካሪና ስለ ሕብለ ሠረሠር ጉዳት ስናስተምር ግን ከእሱ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል? ሻምበል አበበ ቢቂላ።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። በሃያ ዓመቱ ገደማ አዲስ አበባ መጥቶ ክብር ዘበኛ ገባ። እዚያም ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን አገኘው። ከተራራው ማዶ ካለው ከሱሉልታ ተነስቶ እስከ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ ነበር። ዛሬ ማለዳ ከየካ ተነስቶ ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው በባሕር ዛፉ መሐል ሽው የሚሉትን ወጣቶች ሲያይ የማንን ዱካ እንደሚከተሉ ለመገመት አይቸገርም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው ስስ አየር ሳንባንና ልብን እንዴት እንደሚያበረታ በክፍል የተማርነውን፣ አበበ በእግሩ ነው የተማረው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አገር ቤት ሰው ለእንቁጣጣሽ ሽር ጉድ ሲል፣ አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሶ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ አመጣ። ከስምንት ቀን በኋላ በዚያችው ከተማ ሌላ ውድድር ተከፈተ። ተወዳዳሪዎቹ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የነበሩ ሰዎች ሲሆኑ፣ ዛሬ ያንን ውድድር የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ እንለዋለን። ሁለቱ መንገዶች አንድ ቀን እንደሚገናኙ ያኔ ማን ያስብ ነበር?

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደገመው። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። መስመሩን እንዳለፈ ሣር ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ማፍታታት ሲጀምር ስታዲየሙ ተገረመ። የእኛ ሰው ቢሆን ኖሮ ግን ደስ ይለው ነበር። በሜክሲኮ በ1961 ዓ.ም. የእግሩ አጥንት ጉዳት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አስቆመው፤ ድሉን ማሞ ወልዴ ተረከበ።

በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን ማታ የሚነዳት ቮልስዋገን ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠች። አበበ እስኪነጋ ድረስ ከውስጥ ሳይወጣ አደረ። በማግሥቱ ወደ ክብር ዘበኛ ሆስፒታል ተወሰደ። አንገቱ ተጎድቶ ነበርና እጁንም እግሩንም ማንቀሳቀስ አቃተው። ከሳምንት በኋላ እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተላከ።

ስቶክ ማንደቪል ለሙያችን ቅርስ የሆነ ቦታ ነው። ከናዚዎች የሸሸው ጀርመናዊ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን የሕብለ ሠረሠር ክፍሉን የከፈተው በ1936 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ የተጎዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአልጋ ቁስልና በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይሞት ነበር። ጉትማን ታካሚው በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጥ፣ ቶሎ እንዲቀመጥ፣ ከዚያም ስፖርት እንዲሠራ አደረገ። ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም.፣ የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ 16 ታካሚዎችን በቀስት አወዳደረ። የፓራሊምፒክ ዘር ይኸው ነው።

አበበ እዚያ ስምንት ወር ቆየ። መጀመሪያ አንገቱን እንኳ ማዞር ያልቻለው ሰው ቀስ በቀስ እጆቹን መልሶ አገኘ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ተማሪዎቻችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ይህን ነው። ከአደጋው በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት ሕብለ ሠረሠሩ ስለሚደነዝዝ የመጀመሪያው ቀን ምርመራ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ስለዚህ የጡንቻን ጉልበት ከ0 እስከ 5፣ የቆዳን ስሜት ደግሞ በጥጥና በመርፌ ጫፍ እስከ መቀመጫ አካባቢ ድረስ ደጋግመን እንለካለን። ክርንን የሚያጥፈው አምስተኛው የአንገት ነርቭ ነው፤ የእጅ አንጓን የሚያነሳው ስድስተኛው፣ ክርንን የሚዘረጋው ሰባተኛው። በወረቀት ላይ የአንድ ቁጥር ልዩነት ናት። ለታካሚው ግን ክርንን መዘርጋት ማለት እጅን ተመርኩዞ ከአልጋ ወደ ወንበር መሻገር ማለት ነው።

አበበም የተረፈለትን ይዞ ተነሳ። በሐምሌ 1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስት ተወዳደረ። ቀስት መሳብ ትከሻንና ክንድን ያጠነክራል፤ ተቀምጦ ሚዛን መጠበቅንም ያስተምራል። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ሄዶ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ደግሞ አሸነፈ። በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ በክብር እንግድነት ሲገባ ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበለት።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎሉ ውስጥ በፈሰሰ ደም አረፈ። ዕድሜው 41 ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር በታላቅ ሕዝብ ታጅቦ ተቀበረ።

ታዲያ ይህ ታሪክ ለእኛ ምኑ ነው? አበበ ንጉሠ ነገሥትና ዓለም ከጎኑ ነበሩ። ዛሬ ከግንባታ መወጣጫ ወድቆ ወይም መኪና ተገልብጦበት ወደ እኛ የሚመጣው ሰው ግን ቤቱ የካ ዳገት ላይ ሊሆን ይችላል፤ ደጃፉ ላይ ሦስት የድንጋይ ደረጃ፣ ከዚያም ክረምት ላይ የሚያዳልጥ ጠባብ መንገድ ይኖራል። ሆስፒታል ውስጥ ወንበር መግፋት ችሎ፣ ቤቱ ሲደርስ ደጁ ላይ ይታሰራል። ከዚያ ቁስሉ ይጀምራል። እንግዲህ ምርመራችን የቤቱን ደጃፍ ካልጨመረ ግማሽ ምርመራ ነው።

ቤተሰቡም ይማር። ከአደጋ ቦታ ሲያነሱት አንገትና ጀርባውን እንደ አንድ ግንድ አስተካክለው እንዲይዙ፣ ቤት ደግሞ ቆዳውን በየቀኑ እንዲያዩ እናሳያቸው። ጉዳቱ ከስድስተኛው የደረት አከርካሪ በላይ የሆነ ሰው ፊኛው ሲሞላ ወይም ቆዳው ሲቆስል የደም ግፊቱ በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል፤ ድንገት ከባድ ራስ ምታትና ላብ ሲመጣበት ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ምክንያቱን ፈልጎ ማስወገድ፣ ቶሎም ወደ ሐኪም ማድረስ እንዳለባቸው ይወቁ። ይህን ለማስተማር ውድ ማሽን አያስፈልግም፤ ጊዜና ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው።

በስብሰባችን ማግሥት ጠዋት እንጦጦ የምትወጡ ካላችሁ፣ ዳገቱ ላይ ቆም በሉና ወደ ታች ወደ የካ ሰፈሮች ተመልከቱ። ከእነዚያ ቤቶች በአንዱ ውስጥ ደረጃው የከለከለው ሰው አለ። ወደ ሥራችሁ ስትመለሱ እሱን አስታውሱት። መልካም የመገናኛ በዓል!