ማርክ ትዌይን፤ በአስማትና በማሽን መካከል

ማርክ ትዌይን በተባለው የብዕር ስሙ የታወቀው ሳሙኤል ክሌመንስ በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1835 ተወለደ። አባቱ የሞቱበት በ11 ዓመቱ ስለ ነበር ብዙ ሳይቆይ ማተሚያ ቤት ገብቶ ፊደል ለቀማ ተማረ። ኋላም በሚሲሲፒ ወንዝ የእንፋሎት መርከብ መሪ ሆኖ በ1859 የሙያ ፈቃድ አገኘ። እንግዲህ ደራሲ ከመባሉ በፊት ከማሽን ጋር የዋለ ሰው ነበር።

በ1889 ያሳተመው «የኮነቲከቱ ያንኪ በንጉሥ አርተር ቤተ መንግሥት» የተሰኘው ልብ ወለድ ለእኛ ሙያ ቅርብ ነው። ባለታሪኩ ሃንክ ሞርጋን በሃርትፎርድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ተቆጣጣሪ ነው። በጠብ መካከል ራሱን ተመትቶ ሲነቃ በ6ኛው ምዕተ ዓመት እንግሊዝ ይገኛል። በእሳት ሊቃጠል ሲል የፀሐይ ግርዶሽ የሚደርስበትን ቀን ያውቅ ስለ ነበር፣ ፀሐይን አጠፋለሁ ብሎ አስፈራርቶ ይድናል። የአስማተኛውን የመርሊንን ግንብ ባሩድ ቀብሮበት፣ በላዩም የመብረቅ ዘንግ ተክሎ ያፈርሰዋል። የደረቀውን ቅዱስ ምንጭ ደግሞ ቀዳዳውን ደፍኖ ካበቃ በኋላ ርችት እየተኮሰ በተአምር ያፈለቀው ያስመስላል። ሥራው ምሕንድስና፣ ስሙ ግን አስማት ነው።

ሃንክ ትምህርት ቤት ከፍቷል፤ ቴሌግራፍና ስልክም ዘርግቷል። ይሁን እንጂ ሥልጣኑ የቆመው በሕዝቡ አለማወቅ ላይ ስለ ነበር፣ የቤተ ክርስቲያን ውግዘት በታወጀ ጊዜ ከጥቂት ወጣቶች በቀር ሁሉም ከዳው። የኤሌክትሪክ አጥሩና መትረየሱ 25,000 ሰው ፈጀ፤ ባለድሎቹም በሬሳ ክምር ተከበው በተመረዘው አየር ታመሙ። እስከዚያ ድረስ መሳለቂያ የነበረው መርሊንም በመጨረሻ በእውነተኛ አስማት ሃንክን ለ13 ምዕተ ዓመታት አስተኛው።

ደራሲው ራሱ በዚያው ዘመን ማሽን አፍዝዞት ነበር። ጄምስ ፔጅ በፈለሰፈው፣ 18,000 ያህል ክፍሎች ባሉት የፊደል መልቀሚያ ማሽን ላይ ከ1880 እስከ 1894 ድረስ 300,000 ዶላር ገደማ አፈሰሰ። ማሽኑ ሲሠራ ያስደንቃል፤ ግን በየጊዜው ይበላሻል። በ1886 በኒው ዮርክ ሥራ የጀመረው የመርገንታለር ላይኖታይፕ ይበልጥ አስተማማኝ ስለ ነበር ገበያውን ወሰደ። ትዌይንም በ1894 ከሰረ። ሕግ ባያስገድደውም ዓለምን እየዞረ ንግግር በማድረግ ባገኘው ገንዘብ ጭምር እስከ 1898 ዕዳውን ከፍሎ ጨረሰ። በ1910 ዐረፈ።

ማሽንን ሳይመረምሩ ማመን ፊደል ለቀማን በእጁ የሚያውቀውን ሰው እንኳ አክስሯል። እኛም የሠራነውን ለተጠቃሚው ሳናስረዳ አስረክበን ብንሄድ፣ ትተንለት የምንሄደው አስማት እንጂ ምሕንድስና አይደለም።