ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ ግማሽ ምዕተ ዓመት የፈጀ ወደ አገር የመመለስ ውሳኔ

ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሰዉ ከወላጆቹ ተለያይቶ የተገኘ ሦስት ዓመት ገደማ የሆነው የጎንደር ልጅ ነበር። እንግሊዛዊው ኮሎኔል ቻምበርሌን ሕፃኑን ይዘው ወደ ሕንድ ተሻገሩ። እርሳቸው ሲሞቱም ሌላው መኮንን ኮሎኔል ማርቲን የትምህርቱን ወጪ ቻሉ። ወርቅነህ እሸቴ፣ ቻርልስ ማርቲን የሆኑት በእነዚህ ሁለት ሰዎች ስም ነው።

በላሆር ሕክምና አጥንተው በ1874 ዓ.ም. ተመረቁ፤ በስኮትላንድም ትምህርታቸውን አሻሽለው በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በበርማ ሐኪም ሆኑ። ኑሯቸው የተደላደለ ነበር። የዓድዋ ድል ወሬ ግን ልባቸውን አነሳሳው። በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ገቡ፤ አያታቸውም ከልጅነት በቀረ ጠባሳ ለዩአቸው። ይሁንና የአገራቸውን ቋንቋ ረስተውት ስለነበር ከዘመድ ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር።

ያን ጊዜ ጠቅልለው አልገቡም። ወደ በርማ ተመለሱ፤ በ1900 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው መጥተው የታመሙትን አፄ ምኒልክን አከሙ፤ እንደገናም ሄዱ። እንጀራቸው የሌላ መንግሥት ደመወዝ ነበርና ለመጨረሻ ጊዜ የተመለሱት ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ በ1911 ዓ.ም. ገደማ ነው።

ከዚያ ወዲያ የሠሩት ግን የመዘግየቱን ዕዳ የከፈለ ይመስላል። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የበላይ ኃላፊ ሆኑ፤ በአማርኛ የዓለም ጂኦግራፊ ጻፉ፤ ጨርጨርን አስተዳደሩ። በ1920 ዓ.ም. አሜሪካ ሲሄዱ የሐርለምን ጥቁር ባለሙያዎች ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ።

ዋጋውም ከባድ ነበር። ወደ አገራቸው ያመጧቸው ሁለት ልጆቻቸው፣ ዮሴፍና ቢንያም፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ከተጣለው ቦምብ በኋላ በፋሺስቶች ተገደሉ። አባትየው ያን ጊዜ በውጭ ነበሩ። ያም ሆኖ በ1934 ዓ.ም. እንደገና ተመለሱ፤ በ1945 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ።

ዛሬ በሆሳዕናና በሌሞ ልጁን ደቡብ አፍሪካ የላከ ቤተሰብ ብዙ ነው። መቼ ትመለሳለህ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ለምን እንደሚዘገይ የሐኪሙ ሕይወት ያስረዳል፤ መመለስ የአንድ ቀን ጉዞ ሳይሆን ደመወዝን፣ ቋንቋንና ልጆችን ጭምር የሚነካ ውሳኔ ነውና።