የጦርነት ወጪና የሕዝብ ቁጥጥር፦ ከሃሪ ትሩማን ሕይወት

ጦርነት በተነሣ ቁጥር የሕዝብ ገንዘብ ያለ ጠያቂ የሚፈስበት በር ይከፈታል። ወታደሩ በግንባር ሲወድቅ ከበስተኋላው የሚከብር ከበርቴ አይጠፋም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህን በር ለመዝጋት በዩናይትድ ስቴትስ የተደረገው ጥረት ከሃሪ ትሩማን ስም ጋር የተያያዘ ነው።

ትሩማን እ.ኤ.አ. በ1884 በሚዙሪ ተወለደ። በእርሻ ሥራ ቆይቶ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ የመድፈኛ ባትሪ አዛዥ ሆነ። ከዘመቻ መልስ በሽርክና የከፈተው የወንዶች ልብስ መደብር በ1922 ከስሮ ተዘጋ። በካንሳስ ሲቲ ፖለቲካ ላይ በነገሠው በቶም ፔንደርጋስት ቡድን ድጋፍ ለሥልጣን የበቃ በመሆኑ፣ በ1935 ሴኔት ሲገባ ብዙዎች በንቀት ተመለከቱት።

አገሪቱ ለጦርነት በምትዘጋጅበት በ1941 መባቻ ትሩማን መኪናውን ራሱ እየነዳ የጦር ሰፈሮችን ግንባታ ተመለከተ። ተቋራጮቹ ያወጡት ሁሉ ይተካላቸዋል፤ የሚከፈላቸውም ዋጋ በውል አስቀድሞ ተቆርጦላቸዋል። ስለሆነም ለመቆጠብ የሚያስገድዳቸው ነገር አልነበረም። በዚያው ዓመት ማርች 1 ቀን ሴኔቱ በትሩማን ሊቀመንበርነት አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። የመጀመሪያ በጀቱ 15,000 ዶላር ብቻ ነበር።

ትሩማን በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የተቋቋመው የኮንግረስ ኮሚቴ በውጊያ አመራር ጣልቃ እየገባ ያደረሰውን ጉዳት ያውቅ ነበር። ስለዚህ የራሱን ኮሚቴ ሥራ በገንዘብና በምርት ላይ ወሰነ። ኮሚቴው በ1943 በኦሃዮ ሎክላንድ በሚገኘው የራይት ኩባንያ ፋብሪካ ጉድለት ያለባቸው የአውሮፕላን ሞተሮች ምርመራውን እንዲያልፉ መደረጉን አጋለጠ። በዚህ ጊዜ የተዳነው ከገንዘብ ይልቅ የአብራሪው ሕይወት ነበር። በኮሚቴው ጥረት ከብክነት የዳነው ሀብትም በቢሊዮን በሚቆጠር ዶላር ይገመታል።

ይሁን እንጂ ቁጥጥሩ ያልደፈረው አንድ በር ነበር። በዚያው በ1943 ኮሚቴው ምንነቱ ያልታወቀ ከፍተኛ ወጪ ሲጠይቅ፣ የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ስቲምሰን ምርመራው እንዲቆም ጠየቀ። ትሩማንም ተቀበለ። ገንዘቡ የፈሰሰው 2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ለፈጀው የአቶሚክ ቦምብ ሥራ ነበር። ሩዝቬልት በአፕሪል 1945 ሲሞት ምክትሉ ትሩማን ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ምስጢሩም ያን ጊዜ ተገለጠለት። በኦገስት ሂሮሺማና ናጋሳኪ በዚሁ ቦምብ ወደሙ። ትሩማን በ1972 ሞተ።

ከዚህ ሕይወት የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ብርቱ ቁጥጥር ጦር ሠራዊትን ያጠናክራል እንጂ አያዳክምም። ነገር ግን ምስጢር ነው ሲባል የሚመለስ ቁጥጥር ሚስማሩን ቆጥሮ ቤቱን ሳያይ የወጣ ዘበኛ ይሆናል።