ጨዋታን ትምህርት ያደረገ መምህር፤ የፍሬድሪክ ፍሮበል የሕይወት ታሪክ

በዓለም ታሪክ ስማቸው የታወቀ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። አንዳንዱ በጦር ሜዳ፥ አንዳንዱ በመንግሥት ሥራ፥ አንዳንዱም በድርሰት ስሙን አስጠርቷል። ፍሬድሪክ ፍሮበል ግን ስሙ የተጠራው ከሕፃናት ጋራ ተቀምጦ የእንጨት ቁራጮችን በመደርደሩ ነው። ይህ ለሰሚው ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን ተማሪ በእጁ እየሠራ፥ ንድፍ እያወጣ፥ የገጠመውን ችግር በራሱ ብልሃት እየፈታ ይማር ለሚለው አሳብ መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ እርሱ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤታችንን በዓል ምክንያት በማድረግ ታሪኩን ለአንባብያን በአጭሩ አቀርባለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍሮበል በ1782 ዓ.ም. ቱሪንጊያ በሚባለው የጀርመን ክፍል በኦበርቫይስባኽ መንደር ተወለደ። አባቱ የሉተራን ቄስ ነበር። ገና ዓመት ሳይሞላው እናቱ ስለ ሞተችበት፥ አባቱም ከሥራው ብዛት የተነሣ ጊዜ ስላልነበረው፥ የእንጀራ እናቱም ፍቅሯን ስለ ነፈገችው የሕፃንነት ዘመኑ በብቸኝነት አለፈ። ዐሥር ዓመት ሲሆነው ግን አጎቱ ወስዶ በደግነት አሳደገው። በዐሥራ አምስት ዓመቱ ሙያ እንዲማር ለአንድ የደን ሹም ተሰጠ። ከዚያም በኢየና ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ነገር ግን ገንዘብ ስላጠረው በዕዳ ምክንያት ዘጠኝ ሳምንት ታሰረ፤ ትምህርቱንም ሳይፈጽም ወጣ።

በ1805 ዓ.ም. የሕንፃ ሥራ ጥበብ ሊማር ወደ ፍራንክፉርት ሄደ። እዚያም ግሩነር የሚባል የትምህርት ቤት ኃላፊ አገኘውና መምህር ቢሆን እንደሚሻለው መከረው። ፍሮበልም ምክሩን ተቀብሎ ክፍል በገባ ጊዜ ሲፈልገው የኖረውን ሥራ እንዳገኘ ተረዳ። ቤት መሥራት ሊማር የመጣው ወጣት ሰውን ወደ ማነጽ ዞረ ማለት ነው። ከ1808 እስከ 1810 ዓ.ም. ድረስ በስዊስ አገር በኢቨርዶን ከዝነኛው መምህር ከፔስታሎዚ ዘንድ ተቀመጠ። ፔስታሎዚ ልጅ ቃል ከመሸምደዱ በፊት ነገሩን ራሱን አይቶና ዳስሶ ይማር ብሎ ያስተምር ነበር። ፍሮበል ይህን በደስታ ተቀበለ፤ ሆኖም ማየትና መዳሰስ ብቻውን እንደማይበቃ፥ ልጁ ራሱ መሥራት እንዳለበት አመነ።

በ1813 ዓ.ም. ናፖሌዎንን ለመውጋት ከበጎ ፈቃደኞች ጋራ ዘመተ። ከጦርነቱ በኋላ በበርሊን በማዕድናት ቤተ መዘክር ረዳት ሆነ። በዚያም የክሪስታልን ድንጋዮች ሲመረምር፥ ብዙ ዓይነት መልክ ያላቸው ድንጋዮች ከጥቂት ቀላል ቅርጾች በሥርዓት የተገኙ መሆናቸውን አስተዋለ። ይህ አሳብ ኋላ ለሕፃናት በሠራቸው መጫወቻዎች ውስጥ ተገልጦ ይታያል።

በ1816 ዓ.ም. የወንድሞቹን ልጆች ሰብስቦ አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በሚከተለውም ዓመት ወደ ካይልሃው መንደር አዛወራት። በ1826 ዓ.ም. ስለ ሰው ልጅ ትምህርት የጻፈውን ትልቁን መጽሐፉን አሳተመ። ነገር ግን ወደ ትምህርት ቤት የሚመጡት ልጆች እጅግ ጠቃሚ የሆነውን ዕድሜ አሳልፈው እንደሚመጡ ስለ ተረዳ፥ በ1837 ዓ.ም. በብላንከንቡርግ ከተማ ተቀምጦ ለሕፃናት የሚሆኑ መጫወቻዎችን ማዘጋጀት ጀመረ። እነዚህንም ስጦታዎች ብሎ ሰየማቸው።

የመጀመሪያው ስጦታ ቀለማቸው ልዩ ልዩ የሆኑ ስድስት የሱፍ ኳሶች ናቸው። ሁለተኛው ከእንጨት የተሠሩ ድቡልቡል፥ ኩብና ሲሊንደር ናቸው። ሦስተኛው አንድ ኩብ ነው፤ እርሱም እኩል በሆኑ ስምንት ትንንሽ ኩቦች የተከፈለ ነው። ሕፃኑ ስምንቱን ይዞ ወንበር፥ ድልድይ ወይም ደረጃ ይሠራል። ቀጥሎ እንደ አበባና እንደ ኮከብ ያለ ጌጥ ይደረድርባቸዋል። ደግሞም ሁለት ጊዜ አራት ስምንት እንደሚሆን፥ ግማሽና ሩብ ምን እንደሆነ በእጁ ያውቅባቸዋል። ፍሮበል በጨዋታው ላይ ሁለት ሕግ አኖረ። አንደኛው ከቁራጮቹ አንዱም ሳይቀር ሁሉም በሥራ ላይ እንዲውሉ ነው። ሁለተኛው አዲሱ ቅርጽ የቀድሞውን በመናድ ሳይሆን ቁራጮቹን ጥቂት በጥቂት በማዛወር እንዲገኝ ነው። የተሰጠውን ዕቃ ሳያባክን፥ የተሠራውን ሳያፈርስ ወደ ተሻለ መልክ መለወጥ የንድፍ አውጪ ሁሉ ፈተና መሆኑን ልብ ይሏል።

በ1840 ዓ.ም. ይህን ሥራ ኪንደርጋርተን ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜውም የሕፃናት የአትክልት ቦታ ማለት ነው። እኛ መዋዕለ ሕፃናት የምንለው ትምህርት ቤት ከዚህ የመጣ ነው። በዚያ ዘመን ለሴቶች የሥራ በር ጠባብ ሲሆን፥ ፍሮበል ወጣት ሴቶችን ለሕፃናት መምህርነት አሠለጠነ።

ሥራው መስፋፋት በጀመረ ጊዜ ግን ከባድ መከራ ደረሰበት። በ1851 ዓ.ም. የፕሩሲያ መንግሥት ኪንደርጋርተን ሁሉ እንዲዘጋ አዘዘ፤ ምክንያቱም ልጆችን ወደ ሶሻሊዝምና ወደ ክሕደት ይመራል የሚል ነበር። ለዚህም የወንድሙ ልጅ የካርል ፍሮበል ጽሑፍ ከእርሱ ጋራ መደባለቁ አንዱ ምክንያት ሆነ። ሽማግሌው ፍሮበል ነገሩን ቢያስረዳም የሚሰማው አላገኘም። በሚከተለው ዓመት በ1852 ዓ.ም. በሰባ ዓመቱ ዐረፈ። ክልከላው የተነሣው በ1860 ዓ.ም. ስለሆነ ይህን ለማየት አልታደለም። በመቃብሩ ላይ ግን ኩብ፥ ሲሊንደርና ድቡልቡል ተደራርበው ቆመውለታል።

ትእዛዝ ትምህርት ቤትን ሊዘጋ ቢችልም መልካም አሳብን መዝጋት አልቻለም። በፊንላንድ ኡኖ ሲግኔየስ ከፍሮበልና ከፔስታሎዚ የተማረውን ይዞ በ1866 ዓ.ም. የእጅ ሥራ በሕዝብ ትምህርት ቤቶች እንዲገባ አደረገ። በአሜሪካም ታላቁ አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት በልጅነቱ እናቱ ገዝታ የሰጠችው የፍሮበል ኩቦች ለሙያው መሠረት እንደሆኑት በሕይወት ታሪኩ መስክሯል።

ሆኖም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ከፍሮበል ሞት በኋላ ብዙዎች መጫወቻዎቹን ይዘው መንፈሱን ጣሉት፤ ሕፃናትንም እንደ ወታደር በትእዛዝ ኩብ ያስደረድሯቸው ጀመር። ስለዚህ ዕቃው ብቻውን አያስተምርም። ሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ቅርጽ እንዲያወጣ ከታዘዘ የሚለማመደው መታዘዝን እንጂ ማሰብን አይደለም።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ሕይወት የምንማረው ምንድን ነው? መምህራን አንዳንድ ጊዜ መልሱ ብዙ የሆነ ጥያቄ ቢሰጡን፥ የየራሳችንን መንገድ ፈልገን እናገኛለን። ወላጆችም ልጃቸው ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሲሠራ፥ ወይም ከጭቃ ቤት ሲያቆም፥ ጊዜውን በከንቱ አሳለፈ ብለው እንዳይቆጡት ያስፈልጋል። እኛ ትምህርታችንን ለመፈጸም የተቃረብን ተማሪዎች ነገ በሥራ ላይ የሚገጥመን ጥያቄ መልሱ ከመጽሐፍ ጀርባ የተጻፈ አይሆንም። በእጃችን ያሉት ቁራጮች ጥቂት ሊሆኑ ይችላሉ። ፍሮበል ግን ስምንት ትንንሽ ኩቦች ለሚያስብ ልጅ ስንት ነገር እንደሚሆኑ አሳይቶናል።