አለቃ ታየ ገብረ ማርያም

አለቃ ታየ ገብረ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1861 ዓ.ም. በበጌምድር ይፋግ በተባለችው ስፍራ ተወለዱ። ዘመኑ ዐፄ ቴዎድሮስ የነገሡበት፣ ዘመቻ የበዛበት ዘመን ነበር። ይፋግ ደግሞ ከሩቅም ከቅርብም የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙባት ስመ ጥር ገበያ ስለ ነበረች፣ የባሕሩን ዳርቻ ወሬ የሚያመጣ መንገደኛ አይታጣባትም ነበር። ታየም ገና ልጅ ሳሉ አገራቸውን ትተው ወደዚያው ባሕር ወረዱና በምጽዋ አጠገብ ካለችው ከምንኩሉ ደረሱ።

በምንኩሉ የስዊድን ሚስዮናውያን ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ነበር። ከባርነት ነጻ የወጡ ልጆችና ዘመድ የሌላቸው ሕፃናት ይማሩበት ነበር። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጐሙት ኦኔሲሞስ ነሲብም ከዚሁ ስፍራ ሠርተዋል። ታየ የአውሮፓውያኑን ትምህርት ከቀሰሙ በኋላ ግን በዚያ ብቻ አልረኩም። ወደ ደጋው ተመልሰው ከቅኔ መምህራን እግር ሥር ተቀምጠው የግዕዝን ቋንቋ በሚገባ አጠኑ። ብዙዎች ከሁለቱ አንዱን ይዘው ሌላውን ሲንቁ እሳቸው ሁለቱንም መያዛቸው ለኋላ ሥራቸው ሁሉ መሠረት ሆነ።

እንደ ገና ወደ ምንኩሉ ተመልሰው መምህር በሆኑ ጊዜ መጽሐፈ ሰዋስው የተባለውን መጽሐፋቸውን አዘጋጁ። መጽሐፉም በሚስዮኑ ማተሚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1889 ዓ.ም. ታተመ። ከዚያ በፊት ሰዋስው በብራና ተጽፎ፣ ከመምህር አፍ በቃል እየተጠና ከአንዱ ወደ አንዱ የሚተላለፍ ትምህርት ነበር። መምህር ያላገኘ ተማሪ ሰዋስውን ሊያውቅ አይችልም ነበር። የታተመው መጽሐፍ ግን የግዕዝን ሥርዐት በአማርኛ እያብራራ፣ ከጉባኤው ርቆ ለሚኖር ሰው እንኳ በሩን ከፈተለት።

እ.ኤ.አ. በ1905 ዓ.ም. በፍሪድሪኽ ሮዘን የሚመራ የጀርመን መልእክተኛ ቡድን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከዐፄ ምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። በዚያው ዓመት አለቃ ታየ በበርሊን በሚገኘው የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አማርኛና ግዕዝ እንዲያስተምሩ ተላኩ። ይህ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1887 ዓ.ም. የተመሠረተና አስተርጓሚዎችንና ወደ ውጭ አገር የሚላኩ ሹማምንትን የሚያሠለጥን ነበር። ከሁለት መቶ ኀምሳ ዓመት በፊት አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ወደ ጀርመን አገር ሄደው ሉዶልፍን አስተምረው ነበርና፣ አለቃ ታየ በዚያ አገር ለማስተማር የመጀመሪያው ሰው አልነበሩም። ልዩነቱ አባ ጎርጎርዮስ ለአንድ ሊቅ ሲያስተምሩ አለቃ ታየ በክፍል ለተሰበሰቡ ተማሪዎች ማስተማራቸው ነው።

በበርሊን አብሯቸው የሠራው የሴማውያን ቋንቋዎች ሊቅ ኦይገን ሚትቮኅ ነበር። ሚትቮኅ ከአለቃ ታየ ያገኘውን ምሳሌያዊ አነጋገርና የልጆች ጨዋታ ጽፎ በጀርመን አገር አሳተመው። የሜዳ ጨዋታንና የሕፃናትን ቀልድ ለሊቅ የማይገባ ተራ ነገር አድርጎ መቍጠር በዚያን ጊዜ የተለመደ ነበር። አለቃ ታየ ግን የቅኔና የሰዋስው ሰው ሆነው ሳለ ይህን አልናቁም። በዚያው ከተማ በንጉሣዊው ቤተ መጻሕፍት ከኢትዮጵያ የሄዱ የብራና መጻሕፍት ተከማችተው ነበር፤ ዝርዝራቸውንም ዲልማን የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1878 ዓ.ም. አሳትሞት ነበር። የኢትዮጵያን ታሪክ ሊጽፍ ለሚነሣ ሰው ምንጮቹ በአገሩ ብቻ እንዳልቀሩ የሚያሳይ ነገር ነው።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በዐፄ ምኒልክ ትእዛዝ የኢትዮጵያን ታሪክ መጻፍ ያዙ። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ ታመሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1913 ዓ.ም.ም ዐረፉ። አለቃ ታየ ከሚስዮናውያን ጋር በነበራቸው ግንኙነትና በሃይማኖት አቋማቸው ከካህናቱ ብርቱ ተቃውሞ ስለ ገጠማቸው ተከሰሱ፤ ታሰሩም። ወደ ባሕሩ ዳርቻ ቢመለሱ የሚያስጠጋቸው ወዳጅ አያጡም ነበር። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ መኖርን መረጡ።

የደከሙበት ታሪክ በሙሉ አልታተመም። የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የተባለው አጭሩ መጽሐፍ ግን እ.ኤ.አ. በ1922 ዓ.ም. በአስመራ ታተመ። ስለ ነገዶች ጥንተ ዘር የሚተርከውን ብዙውን ክፍል የዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች አይቀበሉትም። ሆኖም የቀድሞ ዜና መዋዕል ነገሥታትን ሲከተል፣ ይህ መጽሐፍ ከርእሱ ጀምሮ ስለ ሕዝብ መናገሩ ልዩ ያደርገዋል። አለቃ ታየ መጽሐፉ ከታተመ ከሁለት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1924 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ። መጽሐፉ ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ታትሟል፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ በስዊድን አገር በኡፕሳላ ታትሟል።